መንገዱ የሚመርጠው ጎማ

ቡጎሎቢ በካምፓላ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በናካዋ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከሉቱሊ አቬኑ ተነስቶ ወደ ፖርት ቤል መንገድ የሚወርድ፣ ከዚያም በኪቲንታሌ በኩል አድርጎ እስከ ሉዚራና እስከ ሐይቁ ወደብ የሚዘልቅ ብስክሌተኛ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ውስጥ የከተማዋን መንገድ ጠባይ ሁሉ ያየዋል። ለስላሳ አስፋልት ያጋጥመዋል፤ ጠርዙ ተሸርሽሮ የተቆረጠም ያጋጥመዋል። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ፤ ከኢንዱስትሪ አካባቢ የሚወጡ ከባድ መኪናዎች የተመላለሱበት መስመርም አለ። ወደ ምቡያና ወደ ሙቱንጎ ኮረብታዎች ከሚያስገቡት ቅያሶች መካከል ደግሞ አስፋልት ያልነካቸው፣ እዚህ ሙረም በሚባለው ቀይ አፈር ብቻ የተደለደሉ አሉ። ይህ አፈር በበጋ ጠጠርና አቧራ ነው፤ ዝናብ ሲይዝ ከጎማ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጂሚ ስፓየር ሴንቶንጎ የተባለው የካርቱን ሠዓሊና ጸሐፊ ነዋሪው በየሰፈሩ ያለውን ጉድጓድ ፎቶ እያነሳ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዲለጥፍ ጋብዞ ነበር፤ «የካምፓላ ጉድጓዶች ዐውደ ርእይ» በሚል ስያሜ ለቀናት የጎረፈውን ምስል ያየ ሰው ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደምንጋልብ ይገባዋል።

በዚህ መንገድ ላይ የኮርስ ብስክሌቱን ጎማና ቸርኬ ሊቀይር የተነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ ቸርኬው ላይ ነው። ከፍ ያለ ጥቁር የካርቦን ቸርኬ ብስክሌቱን ያሳምረዋል፤ ዋጋውም ከሁሉ የሚበልጥ ስለሆነ ትልቁ ለውጥ ከእሱ የሚመጣ ይመስላል። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። መንገዱ የጎማውን ስፋት ይወስናል። ከዚያ ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ ዋና አካል፣ እና ፍሬኑ ያንን ስፋት ያስገቡ እንደሆነ ይለካል። ቸርኬው የሚመረጠው በመጨረሻ፣ ለዚያ ጎማ ተብሎ ነው። እንዳንደናገር በዚህ ምዕራፍ ጎማ የምለው መሬት የሚነካውን የውጭውን ላስቲክ ብቻ ነው፤ አየር የሚይዘው የውስጡ ከመነዳሪ ነው። ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ፣ ሞዞ መሀል ላይ ያለው የሚሽከረከረው ክፍል፣ ራጂዎች ደግሞ ሁለቱን የሚያያይዙት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ናቸው። ሦስቱም ተገጣጥመው ሲመጡ ሙሉ ቸርኬ እላቸዋለሁ።

ብዙዎቻችን ከአዲስ አበባም ከአስመራም ይዘነው የመጣነው አንድ እምነት አለ፤ ጎማ በቀጠነና በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል የሚል። እምነቱ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። የዓለም ተወዳዳሪዎች ለብዙ ዓመታት 23 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ ውስጥ ከ100 ፒኤስአይ በላይ አየር ሞልተው ይጋልቡ ነበር፤ እኛም ያየነውን ያዝን። እነሱ ራሳቸው ግን ሐሳባቸውን ለውጠዋል። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ውስጥ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን በውድድሩ ዘንድ 25 ሚሊ ሜትር ተለምዶ ነበር። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ሲለብስ ደግሞ 28 ሚሊ ሜትር የብዙኃኑ ልክ ሆኗል። በድንጋይ ንጣፉ በሚታወቀው ፓሪስ ሩቤ ላይ 30ና 32 ሚሊ ሜትር የሚያስገጥሙ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ደመወዛቸው ከፍጥነት የሚመጣ ስለሆነ ለምቾት ብለው ደቂቃ አይሰጡም። ሰፋ ያለ ጎማ ላይ የወጡት ስለሚፈጥን ነው።

ለምን እንደሚፈጥን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን የያዘ ሰው ሱቅ ውስጥ በቀላሉ አይደናገርም። ጎማ መሬቱን የሚነካበት ቦታ መጠን በዋናነት የሚወሰነው በተጫነበት ክብደትና በውስጡ ባለው የአየር ግፊት ነው። 40 ኪሎ ግራም የተጫነበት ጎማ 5 ባር፣ ማለትም 73 ፒኤስአይ ገደማ አየር ቢይዝ፣ መሬት የሚነካው ወደ 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ጎማው ቀጭንም ሆነ ሰፊ ይህ መጠን ብዙ አይለያይም፤ የሚለየው ቅርጹ ነው። የቀጭኑ ጎማ አሻራ ጠባብና ረጅም፣ የሰፊው ደግሞ አጭርና ወደ ጎን የተዘረጋ ይሆናል። አሻራው በረዘመ ቁጥር የጎማው ጎን በየዙሩ የበለጠ ይታጠፋል፤ ላስቲክና ክር ሲታጠፉና ሲዘረጉ ደግሞ ከእግራችን የወጣው ጉልበት ጥቂት ጥቂት እየሆነ ወደ ሙቀት ይለወጣል። እኩል አየር ከያዙ ሁለት ተመሳሳይ ጎማዎች ሰፊው በቀላሉ የሚንከባለለው ለዚህ ነው።

ይህ ግን ለስላሳ መሬት ላይ ያለው ብቻ ነው። ሸካራ አስፋልት ላይ ሁለተኛ ኪሳራ ይጨመራል፤ ለካምፓላ ሰው ከፊተኛው ይልቅ ይህ ይከብዳል። እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ጠጠር ላይ ሲወጣ ጠጠሩን አይውጠውም። ብስክሌቱንና ሰውየውን ያነሳቸዋል፤ መልሶ ይጥላቸዋል። ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ላይ ይሄድና በጭናችን፣ በክንዳችንና በሆዳችን መንቀጥቀጥ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ጋላቢው ግን የተገላቢጦሽ ይሰማዋል፤ ንዝረቱ ፍጥነት ይመስለዋል። ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው የሚለው እምነት ይህን ያህል ዘመን የቆየው ሰውነታችን ራሱ ስለሚያሳስተን ይመስለኛል። ሰፊ ጎማ በዝቅተኛ አየር መሥራት ስለሚችል ጠጠሩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል፤ ብስክሌቱም መስመሩን አይስትም። ቁልቁለት ላይ ከጎን ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ታክሲ፣ ከኋላ ታክሲ እየተከተለ ባለበት መንገድ፣ መስመር አለመሳት ከፍጥነትም በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ነገር መፈንዳት ነው። ጎማ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ በኃይል ሲያርፍ ከመነዳሪው በቸርኬውና በጠርዙ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ቀዳዳ ያየ ጥፋተኛው ሚስማር አለመሆኑን ይወቅ፤ ወይ አየሩ አንሷል ወይ ጎማው ጠቧል። አየር እየጨመሩ ይህን ለመከላከል መሞከር የቀድሞውን ንዝረት መልሶ ያመጣል። ስፋት መጨመር ሁለቱንም ችግር ባንድ ጊዜ ያቃልላል፤ በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እንግዲህ ለቡጎሎቢ ስንት ይሁን? ፍርዴ ይህ ነው፤ ቴላዮው ከፈቀደ 32፣ ካልፈቀደ 28፣ ከዚያ ማነስ የለበትም። ከነብስክሌቱ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋላቢ በከመነዳሪ የሚሠራ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከኋላ 75፣ ከፊት 70 ፒኤስአይ ገደማ ሞልቶ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ 32 ላይ ከኋላ 60፣ ከፊት 55። የኋላው የሚበልጠው ከሰውነታችን ክብደት አብዛኛው እዚያ ስለሚያርፍ ነው። ከዚህ ተነስቶ በየጊዜው ሁለት ወይም ሦስት ፒኤስአይ እየቀነሱ፣ ቸርኬው መሬት የመታ እስኪመስል ሳይደርሱ የሚስማማውን ማግኘት ይቻላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ጣሪያው ነው፤ ሙላኝ ማለት አይደለም። ለመኪናና ለሞተር የተሠራ ኮምፕሬሰር ለዚህ አነስተኛ ጎማ አይመችም፤ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ግፊቱ በአንድ ትንፋሽ ከልኩ ያልፋል። መለኪያ ያለው የእግር ፖምፓ ቤት ውስጥ ቢኖር ከብዙ ውድ ዕቃ የበለጠ ያገለግላል።

አሁን ወደ ቴላዮው። የድሮ ኮርስ ብስክሌቶች ለ23 እና ለ25 ሚሊ ሜትር የተሠሩ ስለሆኑ ሰፊ ጎማ ላይገባላቸው ይችላል። የሚለኩት ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ ከፊት ሹካው ሥር፣ ከኋላ ሁለቱ ዘንጎች የሚጠቡበት ቦታ፣ እና ፍሬኑ ቸርኬ ቆንጣጭ ከሆነ ክንዱ ሥር። በጎማውና በቴላዮው መካከል በየጎኑ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ክፍት ሊቀር ይገባል። በሙረም መንገድ የሚያልፍ ሰው ይህን ቁጥር እንደ መጨረሻ ዝቅተኛ ይየው፤ በዝናብ ወቅት ቀይ ጭቃው ከጠጠር ጋር ሆኖ ክፍተቱን ይሞላና የቴላዮውን ቀለም፣ ቀጥሎም ራሱን ቴላዮውን ይፍቃል። የተለመደው አጭር ክንድ ያለው ፍሬን ከ28 ብዙም አያልፍም። በዲስክ ፍሬን የሚሠሩት አዳዲስ ብስክሌቶች ግን ብዙዎቹ 32ን ያለችግር ያስገባሉ። የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር ዲስክን በጎዳና ውድድር ላይ በቋሚነት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የጎማ መስፋትም የተፋጠነው ከዚያ ወዲህ ነው። ያገለገለ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ይህን ዓመት ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ግን በስፋት አይደለም፤ በክበቡ ልክ ነው። «28 ኢንች»፣ «27 ኢንች»፣ «700ሲ» የሚሉት ስሞች ከድሮ የመጡ ናቸው፤ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን የማይገጣጠሙ ጎማዎች ሞልተዋል። ነገሩን የፈጠረው ታሪኩ ራሱ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚሞላውን ጎማ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሽላን ወንድማማቾች በቀላሉ ተፈትቶ የሚገጠም ጎማ ሠርተው ሻርል ቴሮን በእሱ የመጀመሪያውን የፓሪስ ብሬስት ፓሪስ ውድድር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ እንግሊዙም ፈረንሳዩም ጃፓኑም በየራሱ ልክ ሠራ፤ ስሙም በየራሱ ወጣ። መፍትሔው አይኤስኦ 5775 የተባለው መለኪያ ነው። ጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል 28-622 የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። 28 ስፋቱ ነው። 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ቁጥር ከቸርኬው ቁጥር ጋር አንድ ካልሆነ ሻጩ የፈለገውን ቢምል አይገዛም።

በካምፓላ ይህ ቁጥር ወሳኝ የሚሆነው በየዓይነቱ ብስክሌት ስላለ ነው። ማቶኬ ሙዝና ጀሪካን ጭነው ኮረብታ የሚወጡት ጥቁር የጭነት ብስክሌቶች 28 × 1½ የሚባለውን ጎማ ያደርጋሉ፤ ልኩ 635 ነው። ያገለገለ የጃፓን የከተማ ብስክሌት 27 × 1⅜ የሚል ከተጻፈበት 609 ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ የኮርስ ብስክሌት ደግሞ 27 × 1¼ ሊሆን ይችላል፤ ያ 630 ነው። የዛሬው ኮርስ ብስክሌት 700ሲ ሲባል 622 ማለት ነው። 609፣ 622፣ 630፣ 635፤ በዓይን ሲታዩ አይለዩም፤ ሊገጠሙ ሲሞከር ግን አንዱ አይገባም፣ ሌላው ገብቶ ሲነፋ ከቸርኬው ይዘላል። የድሮ 630 ብስክሌት ያለው ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ። በ622 ሙሉ ቸርኬ ቢቀይረው የፍሬን ላስቲኩ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ታች መውረድ ይበቃዋል፤ ፍሬኑ ከደረሰ የዛሬን ጎማ ሁሉ ያገኛል፣ ለሰፊ ጎማም ቦታ ይተርፈዋል።

ጎማው ከታወቀ ቸርኬው ይቀልላል። ለ28 እና ለ32 ሚሊ ሜትር ጎማ የውስጥ ስፋቱ ከ19 እስከ 21 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬ ተስማሚ ነው። የድሮዎቹ 13 እና 15 ሚሊ ሜትር ነበሩ፤ ሰፊ ጎማ በእነሱ ላይ ከላይ ተነፍቶ ከሥር ይጠባል፣ ኩርባ ላይም ይወዛወዛል። ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ጎማው ከተጻፈበት ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ስለሚችል የቴላዮውን ክፍተት ሲለኩ ይህን ጨምረው ይቁጠሩ። ቸርኬ ቆንጣጭ ፍሬን ያለው ሰው የፍሬን መስመሩን በየጊዜው ይመልከት፤ ሙረም አቧራ በውሃ ሲርስ የመፍጫ ዱቄት ይሆንና አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ብዙ አምራቾች በመስመሩ ላይ ቀጭን ቦይ ወይም ነጥብ ያደርጋሉ፤ ምልክቱ ከጠፋ ወይም መስመሩ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ዕድሜውን ጨርሷል። ጎማው ውስጥ ያለው የአየር ኃይል ያንን የሳሳ ግድግዳ ድንገት ሊገነጥለው ይችላል። በካርቦን ቸርኬ ላይ የሚቆነጥጥ ፍሬን ደግሞ በዝናብ ከተማ አልመክርም። ሲርስ መያዙ ይዘገያል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይጎዳል።

ስለ ራጂዎች ግን ጊዜ ወስደን እንነጋገር፤ ከሁሉም ክፍል ይልቅ የማይታይ ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። የጭነት ብስክሌቶቹን ከኋላ ቆመው ቢቆጥሩ ፊተኛው ቸርኬ 32፣ ኋለኛው 40 ራጂ ያገኛሉ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች በጥንት ጊዜ የደነገጉት፣ የህንድ ፋብሪካዎችም የወረሱት ቁጥር ነው። ክብደት ከኋላ ስለሚያርፍ ከኋላ ራጂ ይበዛል። ቦዳ ቦዳ ሞተር ከመሆኑ በፊት በኬንያ ድንበር በቡሲያ ሰው ያመላልስ የነበረው በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ነው፤ ሰውና ሻንጣ በዚያ ጥርጊያ ላይ የተሸከመ ቸርኬ የተፈተነ ቸርኬ ነው። የዛሬ ፋብሪካ ኮርስ ቸርኬዎች ደግሞ 20 ወይም 24 ራጂ ይዘው ይመጣሉ። በጥሩ አስፋልት ላይ ለቀላል ሰው ይበቁ ይሆናል። እዚህ ግን አንዱ ሲበጠስ የቀሩት ክፍተቱን መሸፈን ስለማይችሉ ቸርኬው ይጣመምና ከፍሬን ወይም ከቴላዮ ጋር ይፋጫል፤ ጋላቢውም ብስክሌቱን ተሸክሞ ይመለሳል። 32 ራጂ ካለ አንዱ ቢበጠስ ፍሬኑን አላልተው ቤት መድረስ ይቻላል።

ራጂ የሚበጠሰው ከመጠን በላይ ስለተወጠረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እውነታው ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ሙሉ ቸርኬ የሚቆመው ሁሉም ራጂ አስቀድሞ ስለተወጠረ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ከሥር ያሉት ጥቂት ራጂዎች ውጥረታቸው ይቀንሳል፣ ከሥር ሲወጡ ይመለሳል። 28-622 ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ወደ 2.14 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ 80 ኪሎ ሜትር የጋለበ ሰው እያንዳንዱን ራጂ ከ37,000 ጊዜ በላይ አላልቶ አጥብቆታል ማለት ነው። በደንብ የተወጠረ ራጂ ይህን ይችለዋል። የላላው ግን በየዙሩ ፈጽሞ ይለቅና ክርኑ ላይ፣ ከሞዞው በሚወጣበት ቦታ፣ ይተጣጠፋል፤ ብረት ደጋግሞ ሲታጠፍ ይበጠሳል። የኋላው ቸርኬ ለጥርሱ ቦታ ለመስጠት ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል የጥርስ በኩል ያሉት ራጂዎች ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ሲወጠሩ የግራዎቹ ከዚያ ግማሽ በጥቂት ይበልጣሉ። ስለዚህ የሚላሉትም ቀድመው የሚበጠሱትም ብዙ ጊዜ የግራዎቹ ናቸው። ከማሽን የወጣ ርካሽ ቸርኬ ይዞ ወደ ጥሩ መካኒክ ሄዶ ውጥረቱን ማስተካከል ከአዲስ ውድ ቸርኬ የተሻለ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ሲገዙ የሚጠይቁት ይህን ነው፤ 32 ራጂ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሌሎችን እያቋረጠ የተሠራ፣ የማይዝግ ብረት፣ ራጂውን ከቸርኬው ጋር የሚያያይዝ የናስ ዳዶ፣ እና ክርኑ የታጠፈ ተራ ራጂ። ቀጥ ያለ ልዩ ራጂ የሚጠቀም ቸርኬ ቢያምርም አንዱ ሲበጠስ መለዋወጫው በአውሮፕላን ነው የሚመጣው።

መለዋወጫ ያነሳሁት በምክንያት ነው። የጎዳና ብስክሌት ስፖርት በዩጋንዳ አለ፤ ቻርለስ ካጊሙ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ አገሩን ወክሎ ጋልቧል። ገበያው ላይ የሞላው ግን የጭነትና የተራራ ብስክሌት ዕቃ ነው፤ ለኮርስ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በመንገደኛ እጅ ከናይሮቢ፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ይመጣል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ስንመርጥ «ሲሰበር ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ጥያቄ ከጥራቱ እኩል ይመዝናል። ሞዞ ላይ ለምሳሌ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዱ ልቅ የብረት ኳሶች በጽዋና በኮን መካከል የሚሽከረከሩበት ነው፤ የሺማኖ ሞዞዎች እንዲህ ናቸው። ኳሱ ርካሽ ነው፣ ማንኛውም መካኒክ ፈትቶ አጥቦ ግራሶ ይቀባዋል፤ ዝናብ ከበዛ ግን ቶሎ ቶሎ መከፈት አለበት፤ ችላ ከተባለ ጽዋው ይበላና ሞዞው ይጣላል። ሌላው የታሸገ ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው 6902 የመሰለ መደበኛ ቁጥር ካለው ብስክሌት የማይሸጥ የኩሽኔታ ሱቅ ውስጥም ይገኛል። ለዚህ ከተማ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ቁጥሩ መደበኛ መሆኑን ግን ከመግዛት በፊት አረጋግጣለሁ።

ሞዞው ብስክሌቱ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ ጥቂት ልኮች መገጣጠም አለባቸው። ቸርኬ ቆንጣጭ ፍሬን ባለው ኮርስ ብስክሌት ፊት 100፣ ኋላ 130 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስት ወይም ሰባት ጥርስ የነበራቸው የድሮዎቹ ኋላቸው 126 ነው። ዲስክ ያላቸው አዳዲሶች ኋላ 142 ሚሊ ሜትር፣ 12 ሚሊ ሜትር ወፍራም አክስል ያለው ይፈልጋሉ። ጥርሱ የሚሰካበት አካል የሺማኖ፣ የካምፓኞሎ ወይም የአዲሱ ስራም ዓይነት መሆኑን ይለዩ፤ አይለዋወጡም። ለሺማኖ 11 ፍጥነት የተሠራ አካል 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከተጨመረለት ባለ 8፣ 9 ወይም 10 ጥርስንም ይቀበላል፤ ተቃራኒው አይሆንም። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ጽፎ ለመንገደኛው ይስጥ፤ ፎቶ ብቻ አይበቃም።

ስለ ክብደትና ስለ ነፋስ የሚነገረው በዝቷል፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። ቸርኬ ላይ የተቀነሰ 300 ግራም ፍጥነት ሲጨመር የሁለት እጥፍ ያህል ይቆጠራል፤ ያም ከ85 ኪሎ ውስጥ ከመቶ አንድ አይሞላም። ወደ ምቡያ ሽቅብ በእኩል ፍጥነት ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቆጠረው። ከፍ ያለ ቸርኬ ነፋስን የሚቆርጠው በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው፤ ነፋስ የሚጠይቀው ጉልበት በፍጥነት ኩብ ስለሚያድግ በ20 ኪሎ ሜትር ጥቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በቡጎሎቢ የጠዋት ትራፊክ ውስጥ 40 የሚጋልብ የለም።

ወደ ጎማው ራሱ እንመለስ። መንገዳችን ላይ ከጉድጓድ ቀጥሎ ያለው ጠላት ከፈነዳ የከባድ መኪና ጎማ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ነው። በዓይን አይታይም፤ ጎማው ውስጥ ገብቶ ከመነዳሪውን ቀስ እያለ ይወጋዋል። ስለዚህ ከላስቲኩ ሥር መከላከያ ንጣፍ ያለው ጎማ ይምረጡ። ኮንቲኔንታል በጌተርስኪንና በፎር ሲዝን፣ ሽዋልቤ በማራቶን ስም የሚሸጧቸው ለዚህ የተሠሩ ናቸው። የውድድር ጎማ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ጎኑ ግን ስስ ስለሆነ የተቆረጠ የአስፋልት ጠርዝ ይቀደዋል። የሚከፈለው ዋጋም አለ። ጠንካራ ላስቲክ ዕድሜው ረዝሞ በርጥብ መንገድ መያዙ ይቀንሳል፤ ጠንካራውን የመረጠ ሰው ዝናብ ሲጥል ኩርባ ላይ ይቀንስ። ላዩ ላይ የተቀረጸው መስመር ግን በአስፋልት ላይ ምንም አይጨምርም፤ የብስክሌት ጎማ ጠባብ በመሆኑ በውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ለስላሳ ጎማ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው አይፍራ።

ከመነዳሪ ተራው ጥቁር ላስቲክ ይሁን። አዲሱ ቀላል ፕላስቲክ ከመነዳሪ ልዩ ፓች ይፈልጋል፤ ጥቁሩን ግን መንገድ ዳር ያለ የቦዳ ቦዳ ጎማ ለጣፊ ሁሉ ባለው ሙጫና ላስቲክ ይለጥፈዋል። ቀጭኑን ቫልቭ የሚሞላ ፖምፓ በየመንገዱ ስለማይገኝ በቀጭኑ ላይ የሚጠመጠመውን ትንሽ የናስ አስማሚ ኪስ ውስጥ ይያዙ። ለወፍራም ቫልቭ ብሎ ጠባብ ቸርኬ መብሳት ግን ቸርኬውን ያዳክመዋል። ያለከመነዳሪ፣ በፈሳሽ ማሸጊያ የሚሠራው ዘዴ በ32 ሚሊ ሜትር ላይ በእውነት ይጠቅማል፤ ትንንሽ ቀዳዳዎችን በራሱ ይደፍናል፣ መቆንጠጥም የለም። ነገር ግን ፈሳሹ በሙቀት አገር በወራት ውስጥ ይደርቃል። በየጊዜው የሚያስመጣለት ሰው ያለው ይግባበት፤ ሌላው በከመነዳሪ ይቆይ። ጠርዙ ላይ መንጠቆ የሌለው ቸርኬ የሚገዛ ካለ ደግሞ ሁለት ገደቦች አሉበት፤ አየሩ ከ5 ባር እንዳያልፍና ጎማው በአምራቹ የተፈቀደ እንዲሆን። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቤልጂጋዊው ቶማስ ደ ጄንት በኤምሬትስ ውድድር ላይ እንዲህ ባለ ቸርኬ ላይ የነበረው ጎማ ወልቆ ሲወድቅ በሙያተኞች መካከል ትልቅ ክርክር ተነስቷል። እዚህ፣ ፖምፓ ሁሉ የተለያየ ቁጥር በሚያሳይበት ቦታ፣ መንጠቆ ያለውን ይግዙ።

አዲሱ ሙሉ ቸርኬ ከተገጠመ በኋላ ሥራው አላለቀም። ራጂዎች በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ክርናቸው ቦታውን ይይዛል፤ ዳዶዎቹም ይረጋጋሉ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ወደ መካኒኩ ተመልሶ ውጥረቱ ይለካ። በቤት ደግሞ ሁለት ሁለት ራጂ በጣት ጨመቅ እያደረጉ ከአንድ ጎን ያሉትን ማወዳደር ይቻላል፤ ከጎረቤቶቹ የላላ ካለ ወዲያው ይታወቃል። ጎማው ላይ በየሳምንቱ ጣት ሳይሆን ጨርቅ ያሳልፉ፤ የተሰካ ሽቦ ጨርቁን ይይዘዋል። ከአሮጌው ቸርኬ ደግሞ ልካቸው ከአዲሶቹ ጋር አንድ የሆኑ ጥቂት ራጂዎችን አውጥተው የኋላው ሹካ ዘንግ ላይ በቴፕ አስረው ይያዙ፤ ማቢራን አልፈው ወደ ጂንጃ የሚሄዱ ከሆነ በመንገዱ ላይ ያንን ልክ የሚሸጥልዎ ሱቅ አያገኙም።